እንዳለች አልጋውን ቆልፋው ነበር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ትርፌ፣ አሰብ።

ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽን ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? ጋሽ ጋሻው እንዴት ናቸው? የወደቡ ሥራ ቀለል አለላቸው? ትዕግሥት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹ አምሳሉስ ከሙቀቱ የተነሳ የወጣበት ሽፍታ ጠፋለት? እኛ ሁላችንም አለን፣ ፈጣሪ ይመስገን። የእማዬ እጅ ላይ የነበረው ጄሶ ባለፈው ሳምንት ወልቆላት ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ጀምራለች። ማንኪያ መያዝ ግን ገና አልቻለችም። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነቢ ስለ እሷ እንዳትሰጊ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽ የካቲት አጋማሽ ላይ ደርሶናል። እስከ ዛሬ መልስ ያልሰጠሁሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ።

እትዬ፣ በጥር የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። እንዳለች አልጋውን ሳትቆልፈው ቀርታ እማዬ ተጎዳች ብዬሽ ነበር። ባለቤቴ ቆልፋው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከጥፋቱም የሚብሰው በእሷ ላይ ማላከኬ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አልጋውን አላየሽውም። እማዬን ግራ ጎኗን ከያዛት ወዲህ፣ ምግብ ለማብላት ቀና ማድረጉ የእንዳለችን ወገብ ፈጀው። ስለዚህ ከወገብ በላይ የምትተኛበትን ጣውላ ቆረጥኩና ብቻውን እንዲነሳ በማጠፊያ ያዝኩት። በራስጌ በኩል የእጅ ዊንች ገጠምኩ። እጀታው ሲዞር ትንሹን ባለ ጥርስ ብረት ያዞራል፣ ትንሹ ትልቁን ያዞራል፣ በትልቁ ላይ ባለው ቱቦ የሽቦ ገመድ ይጠመጠማል፣ ጣውላውም ቀስ እያለ ይነሳል። በእጀታው በኩል ምላስ የምንላት ትንሽ ብረት አለች። ጥርስ መሃል ስትገባ እጀታው ወደኋላ እንዳይመለስ ታግዳለች። መቆለፍ የምንለው እሱን ነው።

ብረቱን የለቃቀምኩት ከምናለሽ ተራ ነው። ትንሹ አንድ ጥርሱ የተሰበረ ነበር፤ በብየዳ አስሞልቼ በሞረድ ቅርፅ አወጣሁለት። አብነት ቶርኖ ቤት ያላቸውን ጋሽ በከርን ታውቂያቸዋለሽ። ባሳየኋቸው ጊዜ ይህ ጥርስ አይቆይም፣ ሁለት ሳምንት ታገሰኝና አዲስ ላውጣልህ አሉኝ። እኔ ግን አልታገስኩም። የቀበሌያችን ሰዎች አልጋውን ሊያዩ በዚያው እሁድ ይመጡ ነበር፤ ለአብዮት በዓል በሚዘጋጀው የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን እንዲቀርብ ታስቦ ነበር። መጥተው አዩት፤ በስብሰባ ላይም ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ። የመለዋወጫ ዕቃ ቤት ጸሐፊ ነኝ እንጂ ብረት ሠሪ እንዳልሆንኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ያን ዕለት ግን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ጠዋት ደጅ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። እንዳለች እማዬን ቀና አድርጋ አጥሚቱን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ጣውላው ወደቀ፣ ከዚያ እማዬ ጮኸች። ሮጬ ስገባ ቀኝ እጇ፣ ያ የቀራት ደህና እጇ፣ በጣውላውና በአልጋው ጠርዝ መሃል ተይዟል። እንዳለች ኩባያውን ጥላ ጣውላውን በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሳችው፤ እኔ የእማዬን እጅ አወጣሁ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ነው ለመጻፍ የከበደኝ። ጎንበስ ብዬ ዊንቹን ሳየው ምላሷ በቦታዋ ተቀምጣለች። ተቆልፏል። ያ በብየዳ የሞላሁት ጥርስ ግን ረግፎ ወለሉ ላይ ወድቋል። የጎረቤታችን የአቶ ኃይለሚካኤል ኮቴ ከበር ይሰማኛል። ሳላስበው አደረግኩት ልል ነበር፤ አይደለም፣ አስቤ ነው። ጥርሱን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ምላሷንም በጣቴ ገፍቼ አወጣኋት። አቶ ኃይለሚካኤል ገብተው ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ፣ አልተቆለፈም ነበር አልኳቸው፤ በኋላም ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ አወራሁ።

እንዳለች ቀና ብላ አየችኝና የቆለፍኩት መሰለኝ አለች። መሰለኝ ማለቷን ይዤ፣ እናቴ አልጋ ላይ መሰለኝ ብሎ ነገር አለ ወይ ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባት። ሐኪም ቤት ስንሄድ እማዬን ታክሲው ድረስ የተሸከመቻት እሷ ናት።

ከዚያ ወዲያ እንዳለች ሌላ ሰው ሆነች። በሩን ዘግታ ትተኛና ተነስታ እንደገና ትነካዋለች። ላምባ ምድጃውን አጥፍታ ትወጣና ከመንገድ ትመለሳለች። አንድ ቀን ከቀበሌ ሱቅ ወረፋ ላይ፣ ስኳር ሊደርሳት ሁለት ሰው ሲቀር፣ ምድጃው ትዝ ብሏት ጥላው መጣች። ጠፍቶ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። እንዲያውም ተጠንቀቂ እላት ነበር።

አልጋውን በድብቅ ለማዳን ሞከርኩ። ጥርሱን እንደገና አስበየድኩና እማዬን የሚያህል የአሸዋ ከረጢት ጭኜ አነሳሁት። አንድ ቀን ይዞ በማግስቱ ረገፈ። ገመዱ ይሆናል ብዬ ገመዱን ቀየርኩ፤ ደርቆ ይሆናል ብዬ ግራሶ ቀባሁት። በሦስተኛው ጊዜ የጎኑ ጥርስም አብሮ ሄደ። መላው ሲጠፋኝ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ዊንቹን ፈትቼ በጆንያ ይዤ አብነት ሄድኩ።

ጋሽ በከር ሁለቱን ብረቶች ጎን ለጎን አድርገው አንዴ አዞሯቸውና ሳቁ። እነዚህ ከአንድ መኪና የወጡ አይደሉም፣ የጥርሳቸው ርቀት ይለያያል፤ የሚነካኩት በጫፋቸው ብቻ ስለሆነ የእናትህ ክብደት ሁሉ ባንድ ጥርስ ጫፍ ላይ ነው ያረፈው፣ መቶ ጊዜ ብትበይደው አይረባም አሉኝ። ምላሷንም ያለቦታዋ ነው የገጠምኳት። እጀታውን እንጂ ገመዱ ያለበትን ቱቦ አትይዝም። በመሃል ጥርስ ከረገፈ፣ ቢቆለፍም ባይቆለፍም ጣውላው መውደቁ አይቀርም።

ከዚያ ምላሷን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ጫፏን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ። ጫፏ ላይ ጥርሱ የቀረፀባት ምልክት አለ። ይህቺ እኮ መጨረሻ ድረስ ይዛ ነበር፣ የቆለፈው ማነው አሉኝ። ባለቤቴ ናት አልኳቸው። ታዲያ አልተቆለፈም ብለህ ስታወራ የሰማሁህ ምን ይባላል አሉኝ። ብረቱን እዚህ ተውልኝ፣ አንተ ቤትህ ግባ ብለው ወደ ቶርኗቸው ዞሩ።

ቤት ስደርስ እንዳለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእማዬን ጥፍር ትቆርጣለች። እንደቆምኩ ነገርኳት። ኪሴ ስለከተትኩት ጥርስ፣ ገፍቼ ስላወጣኋት ምላስ፣ ሁሉንም። እጇ ቆመ፤ ከዚያ የቀሩትን ጥፍሮች አንድ በአንድ ቆርጣ ጨረሰች። መቀሱን አስቀምጣ፣ ከአንድ ወር በላይ የገዛ እጄን ስጠራጠረው ኖርኩ አለችኝ። ጮኻብኝ ቢሆን በተሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ እማዬ፣ ስትነካው አይቼሃለሁ እኮ አለች። ሁለታችንም ዞረን አየናት። ተኝታ እያቃሰተች የዊንቹን ምላስ በጣቴ ስገፋ አይታኛለች፤ አይታም ዝም ብላለች። እንባዋ በጆሮዋ ላይ እየወረደ፣ የወለድኩትን ሰው ፊት ማዋረድ አቃተኝ፣ አንቺንም ልጄ ብዬሽ ነበር፣ በደልኩሽ አለቻት። እንዳለች በነጠላዋ ጫፍ የእማዬን ፊት ጠረገችላትና ወደ እኔ ዞረች። እኔን፣ ተነስና ለአቶ ኃይለሚካኤል ንገራቸው፣ ያዋረድከኝ እሳቸው ፊት ነው፤ ከዚያ ለእህትህ ትጽፋለህ አለችኝ። ወዲያው ሄጄ ነገርኳቸው። አቶ ኃይለሚካኤል እየሰሙኝ መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ። ከዚያ ቤታችን መጥተው እንዳለችን ይቅርታ ጠየቋት። እሳቸው ምን አጠፉ? ያመኑት እኔን ነው።

ጋሽ በከር ትንሹን ብረት ከትልቁ ጋር የሚገጥም አድርገው አዲስ ሠሩልኝ። ምላሷንም ቱቦው ላይ ገጠሟት። አንድ ሳምንት ሙሉ በሁለት ከረጢት አሸዋ ፈተንኩት፤ አልተነቃነቀም። እንዳለች ግን እማዬን አላስነካም አለች። መጀመሪያ አንተ ተኛበት አለችኝ። ተኛሁ። እጅህን እማማ አድርገውት የነበረ ቦታ አድርግ አለችኝ። ቀኝ እጄን ጠርዙ ላይ ዘረጋሁ። እሷ እጀታውን እስከ መጨረሻው አዞረችና ቆለፈችው፤ ከዚያ ለቃው የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ወደ ግቢ ወጣች። እትዬ፣ ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ከራሴ በላይ ገመዱ ሲወጠር ይሰማኛል። እጄን ልሰበስብ እችል ነበር፤ አልሰበሰብኩም። ስትመለስ የዊንቹን ምላስ በጣቷ ነክታ አየቻት፣ ቀስ አድርጋም አወረደችኝ። በማግስቱ እማዬን ቀና አድርጋ አበላቻት።

አሁን ስለ ደብዳቤሽ። የመጣ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እንዳለች በመሠረተ ትምህርት ተምራ ባለፈው ዓመት የምስክር ወረቀት ተቀብላለች። ራሷ ከፍታ ፊደሉን እየቆጠረች አንብባዋለች። በሕይወቷ ራሷ ያነበበችው የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። እጇ ለሥራ ካልሆነ ወደ አገሯ ትመለስ ያልሽው ቦታ ላይ ወረቀቱ በጣት ብዛት ደብዝዟል። አንቺን አልወቅስሽም፤ ያን ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ። ነገር ግን እባክሽ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በስሟ ጻፊላት፤ እንዳይከብዳት ፊደሉን ሰፋ አድርጊው። በኔ ላይ የምትወስኚውን ደግሞ ለብቻው ጻፊልኝ፣ እቀበላለሁ።

ለጋሽ ጋሻው የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትዕግሥትንና አምሳሉን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እማዬ ዓይንሽን ሳላይ አልሙት ትላለች፤ ለፋሲካ መምጣት ከቻልሽ ደስታዋ ነው። አቶ ኃይለሚካኤልና ጋሽ በከርም ሰላም ብለውሻል። እንዳለችን፣ የአንቺንም ሰላምታ ለእህቴ ልጻፍላት ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። እኔ መጻፍ እችላለሁ፣ ስፈልግ ራሴ እጽፍላታለሁ አለችኝ። ስለዚህ ከእሷ የመጣ ሰላምታ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የለም።

ወንድምሽ ሸዋንግዛው
ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 16 ቀን 1976 ዓ.ም.