የቅዳሜው መለማመጃ ፈተና

ክንዱ፣
የአዲ አርቃይ ማኪና ሊነሣ ነው፤ ከክፍል እስክትመለስ አልጠበቅሁህም።
ቁልፉ እትዬ ሽታዬ ዘንድ ነው። የፋኖሱ ጋዝ አልቋል።

የዋናው ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ስሜን ካለፉት ውስጥ አጣሁት።

የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ቀለሙ ሳይጠና የኔታ ፊት አይቀረብም ነበርና፣ በውዴታ ለሆነው የቅዳሜ መለማመጃ ፈተና በደንብ ሳላጠና መቀመጥ አሳፍሮኝ ቀረሁ። አንተ ከሃያው አራቱን ብቻ አግኝተህ እየሳቅህ ትመለስ ነበር። ይኸው አለፍህ።

በፊት «ና እንሂድ» ትለኝ ነበር። ምነው ተውኸኝ?
«ሂድ ወዲያ» ያልሁህ እኔ ብሆንም።

ካስቀመጥሃቸው የመለማመጃ ወረቀቶች አንዱን ዛሬ ብቻዬን ሠርቼ ትራስህ ሥር አኑሬዋለሁ። አርመህ ስንት እንዳገኘሁ ጻፍልኝ፤
አራትም ቢሆን።

ወልደኢየሱስ