በእኔ ኢቃማ የወጣው ውጤትሽ

ሀጀራ፣
መዳም ገበያ፣ ሱቅ ዐረቢ ልካኝ ነው ሾልኬ ቤትሽ የመጣሁት፤ ልጠብቅሽ አልቻልኩም።

የራስሽ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለሽ በእኔ ኢቃማ የተመረመርሽው የማህፀን ጫፍ ውጤት ወጥቷል። ከረመዳን በፊት ከክሊኒኩ በስልኬ ደውለው ነበር። መዳም አጠገቤ ቆማ ስለነበር «ጠይብ፣ ጠይብ» ብዬ በእሺታ ብቻ ዘጋሁት። ከዚያ በእኔ ኢቃማ መመርመርሽ ይነቃብናል ብዬ ክሊኒኩ መሄድ ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ወር አለፈ። አንቺም አንድ ቀን «ምን አሉ?» አላልሽኝም።

አሁን ክሊኒኩ ሄጄ ነበር። ስሙ የእኔ ስለሆነ ነርሷ ለእኔ ነገረችኝ፦ «ካንሰር አይደለም፤ ካልታከምሽ ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። በጊዜው ብትመጪ ቀላል ነበር።» አሁንስ ብላት «ሐኪሙ ሳያይሽ ምንም አልልም» አለችኝ። እኔን ቢያየኝ ምን ይጠቅማል? ወጣሁ።

እሁድ ሥራሽን ተዪና በጠዋት ሂጂ። ኢቃማዬ ከስኳሩ ጣሳ ሥር ነው። ያለ ወረቀት ስሄድ ፖሊስ ቢይዘኝ አላህ ያውቃል፤ አንቺ እሱን አታስቢ።
ፉሉን አሙቀሽ ብዪ።

በእኔ ስም እንደምትጠሪ ደግሞ አትርሺ። «ዘሊካ» ሲሉ ቶሎ ተነሺ። ባለፈው የሌላ ሰው መስሎሽ ቁጭ ብለሽ ወረፋው አልፎሽ ነበር።