«ዋሽቻለሁ» ያለው የመዝገቡ ምስክር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018

የፊልም ተማሪዎች ከድሮ የፍርድ ቤት መዝገብ ተነስተው ስለ አንድ የመሬት ክርክር ፊልም እየሠሩ ነው፤ የፊልሙን ጽሑፍ የማርመው እኔ፣ ጡረተኛው የጋዜጣ አርታኢ ነኝ። ገርጂ ያለውን ግቢያቸውን ለቀረጻ የፈቀዱልን አቶ ታደሰ ዛሬ ጽሑፉን አንብበው ተቆጡ።

«አባቴ በሐሰት አልመሰከረም! ይህን ከፊልሙ ካላወጣችሁ ግቢዬን ልቀቁ።»

«አባባ፣ አባትዎ ኋላ ራሳቸው ችሎት ቀርበው ‹ዋሽቻለሁ› ብለዋል። መዝገቡ ላይ አሻራቸው አለበት» አለች ከተማሪዎቹ አንዷ፣ አዘጋጇ ሃና።

ጠጋ ብዬ፣ «‹ተሳስቻለሁ› ብናደርገውስ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋዜጣ ላይ እንዲህ ያደርጉ ነበር?»

«አዎ። ብዙ ጊዜ።»

«እኛ አናደርግም» ብላ የካሜራውን ሻንጣ አሸከመችኝና ወጣን።

ግቢው ስለቀረብን የችሎቱን ትዕይንት ነገ ቦሌ አራብሳ፣ እነሃና ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር እንቀርጻለን። የዳኛውን ወንበር ከቤቴ የማመጣው እኔ ነኝ። ቃሉም «ዋሽቻለሁ» ነው።