ልጄን ከክፍሉ ያስወጣችው ሐኪም

ሰኞ
አልሄድም አልኩ። የታዘዘችልኝ የሽንት ሐኪም ሴት ናት! ልጄ ሰናይት ኢንሹራንሴ የሚቀበላቸውን ሐኪሞች ከኮምፒውተር አውጥታ «ይምረጡ፣ አባባ» አለችኝ። «ወንድ ይሁን፣ ፀጉሩ የሸበተ» አልኳት። «ባል እያጩልኝ እኮ አይደለም!» ብላ ሳቀች።

ፊደል አልቆጠርኩም። ለዚህ ስልክ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ወሬ ስለማያመላልስ ከሰው ይሻለኛል። እንግዲህ ስማ፦ ሽንቴ ይቆራረጣል። ቅዳሜ ደም አየሁበት። ደሙን ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ
ሽበታሙ ዘንድ ሄድን። ቁመናው ደስ ይላል። እሱ ሰናይትን በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ሰናይት እኔን በአማርኛ። «አባባ፣ ሽንትዎ... ደም አለው ወይ ይላል» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«የምን ደም! ደህና ነኝ በይው።»

ሴት ልጅ ፊት ሌላ ምን ይባላል? ሐኪሙ አንዴም ወደ እኔ ዞር ሳይል ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ አለ። ሰናይት መኪና ውስጥ «ተመስገን» ብላ ሳመችኝ። መሳሟ አንገበገበኝ።

ረቡዕ
ዛሬም ቀይ ነው። ፈራሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት።

እዚህ ሲያትል ሐበሻ ወደሚበዛበት ቼሪ መንገድ ወርጄ ተሰማን አገኘሁት። ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ አፉ የማያርፍ ወዳጄ ነው። አምና እሱም ሽንት ተዘግቶበት ነበር። ለካ ያከመችው ያቺው እምቢ ያልኳት ሴት ናት!

«አላፈርክም?» አልኩት።

«በቀን ስንቱን የምታይ ሴት! ያንተ የወርቅ ነው እንዴ?»

ሰደብኩት። ግን ነገሩ ገባኝ።

ሐሙስ
«ለሴትዮዋ ኮል አድርጊ» አልኳት ሰናይትን።

«ሶ፣ ሽበታሙስ?»

«ሽበቱን ይያዝ።»

አንድ ሰው ቀጠሮ ሰርዞ ለነገ ቦታ ተገኘ።

ዓርብ
ሐኪሟ ልጄን ታክላለች። መጀመሪያ እኔን ጨበጠችኝ። ቀጥላ ሰናይትን ውጪ ጠብቂ አለቻት። ሰናይት ተከራከረች፤ ወይ ፍንክች! አስተርጓሚ በስልክ ገባ፣ ወንድ።

«የማን ልጅ ነህ? የምትኖረው ሲያትል ነው?» አልኩት። የኛ ከተማ ሰው ከሆነ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኛል።

«ሌላ ስቴት ነኝ፣ አባቴ። አንተዋወቅም፣ አይስጉ።»

«እንግዲያው ንገራት» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ደሙንም። እሷ የምታየው እኔን ነው፣ ስልኩን አይደለም። «ዛሬ መናገርዎ ጥሩ ነው» አለች። ፕሮስቴት አብጦ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ፊኛዎን በካሜራ ሳላይ አልናገርም አለች። ያልሆነ ተስፋ አለመስጠቷን ወደድኩላት። ማክሰኞ ታየኛለች።

መኪና ውስጥ «ምን አለችዎት?» አለች ሰናይት።

«ደም አይቻለሁ» አልኳት። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ።

መኪናውን ዳር አስይዛ አለቀሰች። «ለምን ደበቁኝ?»

«አንቺን አፍሬ ነዋ!»

እንባዋን ጠርጋ ቢከን ሂል ቤታችን አደረሰችኝ። ስንወርድ ክንዴን ያዘችኝ። «ማክሰኞ እኔ እወስድዎታለሁ። ውጪ እጠብቃለሁ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ። ሐኪሜን መርጫለሁ። ማክሰኞ ይምጣ።