በአንተ ስም የመለስኩት ስልክ

የኔ አያሌው፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። ዘንድሮም ደባርቅ ላይ ገብሱን በረዶ መታው። ልጃችን አዲ አርቃይ ለማስተማር ተመድባ ሄደች፤ ቆላው ቢከብዳትም እየለመደችው ነው። ጣራው ስለሚያፈስ መጻሕፍትህን ወደ መኝታ ቤት አዛወርኳቸው። ለራሴ ፊደል እየቆጠርኩ የለመድኩትን ንባብ አልተውኩም፤ ከባዱን ቃል የምጠይቀው ሰው ነው ያጣሁት።

ባለፈው ሳምንት ያላሰብኩት እንግዳ መጣ። ያ የጋዜጣ አዘጋጅ ወዳጅህ ነው። መሞትህን ዘግይቶ ሰምቶ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተንገላቶ ሊያስተዛዝነኝ መጣ።

ስንት ዘመን ጻፍክለት! ስለ ማኅበር፣ ስለ ዕርቅ፣ ሰው ከሰው ጋር ተስማምቶ ስለሚኖርበት ነገር። ከመላክህ በፊት ለእኔ ታነብልኝ ነበር፤ ግራ መጋባቴን ከፊቴ ካየህ ያን ዐረፍተ ነገር ትሰርዘዋለህ። «ያንቺን ወንፊት ካለፈ የእሱ መቀስ አይነካውም» እያልክ ትስቃለህ። እሱም ቢሆን ምክንያቱን ሳይጽፍልህ አንድ መስመር ቆርጦ አያውቅም።

የመጨረሻው ጽሑፍህ ስለ ደቦ ነበር። ሰው እምቢ ማለት የማይችልበት ሥራ ደቦ አይባልም ብለህ ጻፍክ፤ ያውም ገበሬው በግዳጅ ለሥራ በሚወጣበት ጊዜ። አንተ መካነ ብርሃን ሄደህ ሳለ ከቴሌ የስልክ ጥሪ መጣልህ። በአንተ ፈንታ እኔ ሄድኩ።

«ላወጣው ነው፣ የሚመጣውንም እቀበላለሁ» አለኝ አዘጋጁ። «ግን ለእሱም አደጋ አለው፤ ይውጣ የሚለውን ከራሱ ልስማ።»

ቴሌ ቤት በስልክ የሚጮኸውን ሁሉም እንደሚሰማ ታውቃለህ። ከጀርባዬ የቀበሌው ሊቀመንበር ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ከዳባት የተወሰደው መምህር ጓደኛህ ደብዛው ከጠፋ ገና ወር አልሞላም። «አይውጣ፣ ይቅር ብሏል» አልኩና ዘጋሁት።

ጋዜጣው ጽሑፍህን ሳይዝ ሲመጣ «ሰውየው ፈራ» አልክ። ከዚያ በኋላ ለእሱም ለማንም አልጻፍክም። ብቻህን ወደ ገደሉ አፋፍ ትሄዳለህ፤ ሲመሽ ትመለሳለህ። እኔ ልነግርህ አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። ቢያንስ በሕይወት አለልኝ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ያኔ ስለ ፈራ አልተቀየምኩትም። ባለትዳር ነው፣ የልጅ አባት ነው፤ ማን ይፈርድበታል?»

አንተ እሱን ፈሪ እንዳልክ ሞትክ፤ እሱ ደግሞ ይኸው አንተን ፈሪ እያለ፣ ያውም እያዘነልህ፣ ቤትህ ተቀምጧል። አልቻልኩም። አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። «ለእሱስ ነግረውት ነበር?» አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።

አልተቆጣኝም። ባርኔጣውን አነሣና መቃብርህ ያለበትን ጠየቀኝ፤ ብቻውን ሊሄድ ፈለገ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሆኜ አየሁት። ራሱን ገልጦ ቆሟል፤ እጁን ያወራጫል፤ እንደ ድሮው ስለ አንድ መስመር ከአንተ ጋር የሚሟገት ይመስላል።

እኔ ይቅር በለኝ የምልበት አንደበት የለኝም። ግን ቃል እገባልሃለሁ፤ ስምህ በተነሣበት ሁሉ ያልፈራኸው አንተ፣ ያልፈራውም እሱ እንደነበረ፣ የፈራሁት እኔ እንደሆንኩ ሳልናገር አላልፍም።

ጥሩነሽ