የኮሌታ ልጆች

ጥቅምት 3
ሦስት ሱሪ ማሳጠር፣ አንድ ኮት መገልበጥ። ውሻዬ ኮሌታ ገበሩ ላይ ተኝቶ አልነሳም አለ። ጨርቁን ከሥሩ ስስብ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝና መልሶ ጨፈነ። ጌታው እሱ፣ ተቀጣሪው እኔ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ።

ከሰዓት አንድ ሰውዬ መጣ። የኮሌታ ልጅ ዚፕ ዘንድሮ ስትወልድ ቡችላ ይፈልጋል። ግቢህን ሳላይ አልሰጥም አልኩት። ቀን የት ትውላለህ? ልጆችህ እንስሳ ይመታሉ? ማሳደግ ካቃተህ ለማንም ሳይሆን ለእኔ ትመልሳለህ... ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ።

«እኔ ቡችላ አልሸጥም፣ እድራለሁ» አልኩት እንደ ልማዴ።

ታላቅ እህቴ ከጓዳ ሰምታ፣ «ለእኔ ባል ሲመጣ እንኳ እንዲህ አልመረመርክም!»

ሳቅን። ሰውዬው ግን አልሳቀም።

ጥቅምት 9
ኮሌታ ሞተ።

ጥቅምት 10
ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ጠዋት በር ስከፍትለት ወደ ግቢው ሮጠ፣ እንደ ወትሮው። መሐል ላይ ቆመ። ወደ እኔ ዞር አለ... ወደቀ። ደርሼ አንገቱን ስይዘው አልቋል።

የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። «ጋሼ፣ ምክንያቱን እንድናውቅ ከፍቼ ልየው?» አፌ «አይሆንም» ሊል ነበር። እናቱ ሐር በአምስት ዓመቷ እንዲሁ ድንገት ስትወድቅ ያልኩት ይህንኑ ነው። ማንም አይነካትም፣ እባብ ነድፏት ነው፣ አበቃ። በአዲስ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀበርኳት። ያኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ትናንት ግን «እይው» አልኳት። ፊቴን አዙሬ ቆምኩ።

ጥቅምት 12
ቤቱ ሰፋብኝ። ማሽኑ ሲቆም የሚያንኮራፋ የለም። እግሬን ስዘረጋ እንዳልረግጠው ተጠነቀቅኩ... ባዶ ወለል።

ቡችላ ሳለ የመለኪያ ሜትሬን በልቶብኝ ነበር። የተረፈኝ ከአርባ ሁለት ጀምሮ ያለው ነው። ሌላ እስክገዛ በዚያው እየለካሁ በልቤ አርባ ሁለት እቀንስ ነበር። አንዲት ደንበኛ ወገቧ ላይ መቶ አሥራ ሰባት አንብባ ልታለቅስ ደረሰች። እሱ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞ የቀረውን ያኝካል። ምን ዓይነት ዘመን ነበር!

እህቴ የውሃ ሳህኑን ከቦታው አላነሳችም። እኔም አንሺው አላልኳት።

ጥቅምት 16
ሐኪሟ ልብስ መስፊያው ድረስ መጣች። ልብ ነው አለች። ጡንቻው ሳስቷል። ከወላጅ የሚወረስ በሽታ ነው።

«እናቱ በምን ሞተች?»
«በእባብ...»
«አይተውታል?»

አላየሁም። በዚህ ሰፈር እባብ ያየ ሰውም አላውቅም።

ዚፕን መረመረቻት። ለጊዜው ደህና ናት፤ ግን መውለድ የለባትም። «ሌሎቹ ልጆቹስ የት ናቸው?» አራት ናቸው፣ በአራት ቤት። ለአራቱም በሰጠሁት ወረቀት ላይ «ዘሩ ጤነኛ ነው» ብዬ በእጄ ፈርሜያለሁ።

«በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። ይንገሯቸው ጋሼ።»

ጥቅምት 20
አልደወልኩም። ሥራ በዝቶብኝ... ውሸት ነው። አንድ ኮት አራት ቀን ስፈታና ስሰፋ ከረምኩ። ምን ብዬ ልጀምር? የሰው ግቢ እየገባሁ አጥር ስነቀንቅ የኖርኩ ሰውዬ!

እህቴ ምሳ ላይ፣ «ስልኩ ተበላሽቷል እንዴ?»
«ተዪኝ እትዬ።»
«ሐርን ስትቀብር ተውኩህ። አሁን አልተውህም» ብላ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

ጥቅምት 21
ደወልኩ። ከአራቱ የመጀመሪያው፣ ጡረተኛው መምህር፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ነገውኑ አስመረምረዋለሁ። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።» ምስጋናው ከስድብ ባሰብኝ።

ዳቦ ጋጋሪዋ አልማረችኝም። «የእኔን ግቢ ሦስቴ አይተህ ነው የሰጠኸኝ። የአንተን ማን አየው?» ልክ ናታ!

ሹፌሩና ነርሷ አላነሱም።

ጥቅምት 22
ሹፌሩ ደወለ። የእሱ ውሻ ደረጃ መውጣት ካቃተው ሰንብቷል፤ እርጅና መስሎት። የሦስት ዓመት ውሻ ምን እርጅና አለው? ወዲያው ሐኪም ቤት ወሰደው። በጊዜ ደርሶበታል፣ ውሻው መድኃኒት ጀምሯል። እነዚያን አምስት ቀናት ባስብ ባስብ... ቢሞት ኖሮስ?

ቡችላ ፈላጊው ሰውዬም ብቅ አለ። የለም አልኩት፤ ከእንግዲህም አይኖርም። ለምን እንደሆነም ነገርኩት። አራተኛ ጊዜ ሲናገሩት ቀለል ይላል።

ጥቅምት 25
ነርሷ ዛሬ አነሳች። ስሜን ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን... ሞቷል። ወር አለፈው። ልጄ ኳስ ወርውራለት ሲሮጥ ነው የወደቀው። ብዙ ስላስሮጥኩት ነው ትላለች። ግቢ መውጣት ትታለች። በአደራ ሰጥተውን ነበር፣ ምን ብለን እንንገርዎ?»

እኔን ፈርተው! ያን ሁሉ ምርመራዬን፣ ያን ሁሉ ማስጠንቀቂያዬን ፈርተው። ወር ቀድሞ ባውቅ ኮሌታን አሳክመው ነበር። ግን የሚያስፈራውን ሰው ማን ሠራው? ራሴው።

«ልጅቷን አገናኚኝ» አልኳት።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አቤት» አለች፤ ድምጿ አይሰማም።

ኳሱን ባትወረውሪም ይታመም ነበር አልኳት። ልቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው። ከአባቱ ወረሰው፣ አባቱም ከእናቱ። ሳላጣራ ያራባሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

«እውነት የእርስዎ ነው?» አለች።
«እውነት የእኔ ነው።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ መቀሱን እንደያዝኩ።

«ታዲያ ለምን ቶሎ አልነገሩንም?»
«ፈርቼ ነው።»
«እኛም» አለች።

ከዚያ አባቱ ኮሌታ ምን ዓይነት ውሻ እንደነበር ጠየቀችኝ። ስልኩ ጆሮዬን እስኪያግለው ድረስ አወራሁላት።