ያልሳቀው አውራ ጣት

እታለም፣

በተሰበረ ልብ የማስታውቅሽ ከባድ ነገር ስላለኝ መጀመሪያ ተቀመጪ። ታናሽ ወንድምሽ፣ የቤታችሁ ድምቀት፣ በሐኪም ስለት ተቀዶ ሆስፒታል ተኝቷል። ቁስሉን ያዩ ሁሉ ፊታቸውን አዙረዋል። እማዬ ፊት ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው፤ ገና «ስለት» ስትዪ ሰፈሩን ትሰበስብብሻለች።

ከዚህ ቀጥሎ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ቆመሽ እየዋልሽ የሚያብጠው እግርሽስ? ባለቤትሽ አሁንም ያንኮራፋል? መንታዎቹስ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ ከተቀደድኩትም በቀር፣ ደህና ነኝ። ይቺን «ደህና ነኝ» ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የምነግርሽ ስለ አንቺው ሙያ ስለሆነ ደስ ይበልሽ። ነርስነት ስትማሪ መርፌ የተለማመድሽበት ትራሴ እስከ ዛሬ ጥጥ ያፈሳል፤ እንግዲህ የትራሴን ካሳ ወሬዬን በመስማት ክፈዪኝ።

ያለሁበት ክፍል አልጋው የተጠጋጋ ነው። እኔ በሆዴ ነው የምተኛው፤ ለምን አትበዪኝ። መስኮቱን ለማየት ትራሴን ወደ ግርጌ ስላዞርኩ ፊቴ ከጎረቤቴ እግር ጋር ትይዩ ሆኗል። ጎረቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ቀኝ እግራቸው ተሰብሮ እስከ ጭናቸው በጀሶ ታስሯል፤ ከጀሶው ጫፍ ጣቶቻቸው ብቅ ብለው ቀኑን ሙሉ ያዩኛል። መቼም ታውቂኛለሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ተደርድሮ አርፌ አልተኛም። ከመጥረጊያ አንድ ሰበዝ መዝዤ አውራ ጣታቸውን ኮረኮርኩ። «አንተ የሰይጣን ቁራጭ፣ እጅህን ሰብስብ» ብለው በሳቅ አልጋውን አንቀጠቀጡት። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ፤ ጠዋት ጠዋት እኮረኩራለሁ፣ እሳቸው ይሰድቡኛል፣ ክፍሉ በዚያ ይነቃል።

የክፍሉ አለቃ አንዲት ሲስተር ናት፤ ጄኔራሏ እላታለሁ። ስትገባ የተኛ ሰው ሳይቀር ቀጥ ይላል። ይቺ ሴት አዲስ አሠራር አምጥታለች። ቀድሞ ተረኞቹ የሚረካከቡት ቢሮ ዘግተው ነበር አሉ፤ አሁን ግን አልጋ ላልጋ እየዞሩ፣ በሽተኛው እየሰማ ነው። ሲጨርሱ «የተባለው ልክ ነው? የቀረ አለ?» ብለው ይጠይቁሻል። እታለም፣ ያን ያህል ሰው ተሰልፎ ስለ ሆድ ድርቀቴ አስተያየቴን ሲጠይቀኝ ሚኒስትር የሆንኩ ነው የመሰለኝ። ሲስተሮቹ ግን ያጉረመርማሉ። ጊዜያችንን በላው፣ በሽተኛ እንደሆነ ቢጠየቅም «ተመስገን» ነው የሚለው ይላሉ።

አልዋሹም። ጋሼ ሾፌር ሲፈጠሩ በ«ተመስገን» ነው የተቦኩት። እንዴት አደሩ ሲባሉ ተመስገን፣ ያምዎታል ሲባሉም ተመስገን። ሰው ማስቸገር ነውር ይመስላቸዋል።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ሰበዜን አነሳሁ። አውራ ጣቱን ኮረኮርኩ፣ ዝም። ውስጥ እግራቸውን ኮረኮርኩ፣ አሁንም ዝም። ተኝተው ይሆን ብዬ ቀና ስል ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያው ላይ አፍጥጠዋል። ጣታቸውን ብነካው በረዶ ነው፣ መልኩም ጠቋቁሯል። ምነው ዛሬ ስድቡን ነፈጉኝ ብላቸው «ተወኝ ልጄ፣ ሲስተሮቹም ሌሊቱን ሲሮጡ አድረዋል፣ ይለፈኝ» አሉ።

ወዲያው የርክክቡ ሰልፍ ደረሰ። ሌሊት ያደረችው ሲስተር «ሰላም አድረዋል፣ ያመማቸው ነገር የለም» ብላ አስረከበች። ጄኔራሏ ልክ ነው ወይ ስትላቸው፣ ላቡ በግንባራቸው እየወረደ «ተመስገን» አሉ። እኔ በሆዴ እንዳለሁ «ውሸታቸውን ነው፣ እግራቸው በድን ሆኗል» ብዬ ጮህኩ። ማን ይመነኝ? በዋዜማው አንሶላ ተከናንቤ፣ ሞቻለሁ ብዬ፣ የጽዳቷን ሴትዮ ባልዲ አስደፍቻለሁ። ሌሊት ያደረችው «ደሞ ጀመረው» አለችና ወደሚቀጥለው አልጋ ሊያልፉ ሆነ። እታለም፣ ሾፌር ያለ ቀኝ እግሩ ምን ይሆናል? ሰበዙን ለጄኔራሏ ዘረጋሁላትና «ሲስተር፣ ስኮረኩራቸው ሁሌ ይሰድቡኝ ነበር፣ ዛሬ አልሰደቡኝም» አልኳት።

ሰበዙን አየች፣ እኔን አየች። ጎንበስ ብላ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ተጫነችና ለቀቀችው፤ ደሙ ሳይመለስ እንደ ነጣ ቀረ። ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ አለቻቸው። ጋሼ ታገሉ፣ ጣቱ ግን የሌላ ሰው ጣት ይመስል ዝም አላቸው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሩጫ ልነግርሽ አልችልም። ሐኪም መጣ፣ መጋዝ መጣ፣ ጀሶው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ለካ እግሩ ውስጥ ውስጡን አብጦ ደሙ መሄጃ አጥቷል። ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ፣ ትንሽ ቢቆይ እግሩን እናጣው ነበር አለ።

ከሰዓት በኋላ ጣቶቹ ቀላ ቀላ ሲሉ አላስቻለኝም፣ ኮረኮርኩ። «አንተ የሰይጣን ቁራጭ» ሲሉ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ስድብ የለም። ሌሊት ያደረችው ሲስተር ቤቷ ሳትሄድ እዚያው ቆማ ነበር፤ «ተመስገን ሲሉኝ እኮ አምኛቸው ነው» ብላ አለቀሰች። ጄኔራሏ አልተቆጣቻትም። «ተመስገን ሰላምታ ነው፣ ምርመራ አይደለም» አለቻት ቀስ ብላ። አሁን ጀሶ ያለበት ሁሉ ከሰላምታ በኋላ ጣቱ ይነካል፣ ጥፍሩ ይጫናል፣ አንቀሳቅስ ይባላል። የሚያጉረመርምም ጠፍቷል። ሰበዜን ግን ጄኔራሏ ንጽሕና የለውም ብላ ቀማችኝና በምትኩ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ሰጠችኝ። ሹመት ነው እንግዲህ።

አንቺም እዚያ «ተመስገን» የሚሉሽን ሁሉ ጥፍራቸውን ተጫኚ። የራስሽም «ደህና ነኝ» ከደብዳቤሽ አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ ልኮረኩርሽ አልችልም። የሚያምሽን ጻፊልኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ፣ ሲያንኮራፋ አፍንጫውን ያዢልኝ። መንታዎቹን አንዷን ግንባሯን፣ አንዷን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ተለዋውጠው ቢያታልሉሽ እኔ ያስተማርኳቸው ነው። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

እንግዲህ በአዲሱ ሕግ መሠረት እኔም እውነቱን ላስረክብ። የተቀደደው ብጉንጅ ነው፣ ያውም መቀመጫዬ ላይ። ትኩሳት አስከትሎብኝ ነው ያስተኙኝ፤ ነገ ይለቁኛል። ሰዎቹ ፊታቸውን ያዞሩት ስለሚስቁ ነው። ይቺን ብቻ ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ታናሽሽ

ከወንዶች ክፍል፣ ከጋሼ ሾፌር ግርጌ፣ በሆዴ እንደተኛሁ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ